«መስተጋብር» እና «ማርከሻ»፤ በዕፀ መድኃኒት ማስጠንቀቂያዎች አማርኛ ላይ የቀረበ ሒስ

ደብረ ወርቅ በምሥራቅ ጎጃም፣ በእናርጅ እናውጋ ወረዳ፣ ከደጀን በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ነገር የደረሰው በዚያች ከተማ፣ በጸሐፊው አክስት ቤት ነው። አክስቴ የስኳር ሕመም አለባቸው። ሐኪም ያዘዘላቸውን ግሊቤንክላማይድ የተባለ እንክብል ለብዙ ዓመት ሲውጡ ኖረዋል። ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ በላስቲክ የታሸገ የቅጠላ ቅጠል ዱቄት ይዞላቸው መጣ። አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና የሽፈራው ቅጠል ተፈጭተው የተደባለቁበት ነው። በማሸጊያው ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ከተጻፉት ዐረፍተ ነገሮች አንዱ «ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር መስተጋብር ሊኖረው ስለሚችል ጥንቃቄ ይደረግ» የሚል ነበር።

አክስቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ያነበበችላቸው ሰባተኛ ክፍል የደረሰች የልጅ ልጃቸው ናት። «እማማ፣ ከሐኪሙ መድኃኒት ጋር ተባብሮ ይሠራል ነው የሚለው፤ ብቻ በጥንቃቄ ይወሰድ ይላል» አለቻቸው። እርሳቸውም በጥንቃቄ ወሰዱት። ጥንቃቄያቸውም ዱቄቱ ከማንኪያው ጠርዝ እንዳይፈስ፣ ውኃው እንዲፈላ፣ እንክብሉና ዱቄቱ ሰዓት ሳያዛንፉ አብረው እንዲዋጡ ማድረግ ነበር። በሳምንቱ አንድ ማለዳ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ የልጅ ልጃቸውን ስም ሳቱት። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር እጅግ ወርዶ ተገኘ። በጊዜ ስለ ተደረሰላቸው ተርፈዋል።

የአምራቹን ስም መጥቀስ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። አምራቹ ማስጠንቀቅ የሚገባውን አስጠንቅቋልና፣ በሕግ ዐይን የሚወቀስበት ነገር ላይኖር ይችላል። ልጅቱም አልተሳሳተችም። እንዲያውም ቃሉን የፈታችው በሥርወ ቃሉ ነው። ጥፋቱ የእኛ የሙያ ቃል የምንሰይምና የምንተረጉም ሰዎች ስለ መሆኑ ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

«መስተጋብር» ከግእዙ ገብረ የወጣ ነው። ገበሬ፣ ግብር፣ ተግባር የሚሉት ሁሉ ዘመዶቹ ናቸው። «መስተ-» የሚለው ቅጥያ በአስተ- ግሥ ላይ የሚመሠረት ስም ያወጣል፤ ስለዚህ ቃሉ ቢተነተን «አንዱን ከሌላው ጋር የሚያሠራ፣ የሚያተባብር» ማለት ይሆናል። ተማሪ ቤት የገባ ሰው ይህን ቅርጽ የሚያውቀው «መስተዋድድ» እና «መስተፃምር» ከሚሉት የሰዋስው ቃላት ነው፤ አንዱ ያዋድዳል፣ ሌላው ያጣምራል። ተማሪ ቤት ያልገባው ደግሞ «መስተፋቅር»ን ያውቃል። በጎጃም ገጠር መስተፋቅርን ያልሰማ ሽማግሌም ሆነ ጎረምሳ አይገኝም፤ የሁለት ሰዎችን ልብ ያገናኛል ተብሎ የሚታመን የደብተራ መድኃኒት ነው። እንግዲህ ጆሮው በእነዚህ ቃላት የተቃኘ ሰው ስለ መድኃኒት ሲነገር «መስተጋብር» የሚል ቢሰማ፣ ሁለቱ መድኃኒቶች ይፋቀራሉ፣ ይተጋገዛሉ ብሎ ቢረዳ ምን ያስደንቃል? በመስተ- የሚጀምር ሁሉ መልካም ነገር ነው ማለታችን አይደለም። የምንለው፣ ቃሉ የአደጋ ሽታ የለውም ነው። በፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ነውር አይሆንም፤ በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ግን የቃሉ ጠቅላላ ሥራ አደጋን ማሽተት ነበር።

ነገሩ ከዚህም ይከፋል። በአክስቴ ላይ የደረሰው አደጋ ሁለቱ መድኃኒቶች ስለ ተጣሉ የመጣ አይደለም፤ አብሽም ጥቁር አዝሙድም በራሳቸው የደም ስኳርን የመቀነስ ጠባይ ስላላቸው ከእንክብሉ ጋር በአንድ አቅጣጫ ሠርተው ነው። የልጅቱ ንባብ ፊደል በፊደል እውነት ነበር፤ በእርግጥም ተባብረው ሠርተዋል። ገዳዩ ትብብሩ ነበር። ይህንን «መስተጋብር» አይናገርም፤ የተለመደው የሕዝብ አነጋገር «መድኃኒት ከመድኃኒት ይጣላል» የሚለውም አይናገርም፤ ምክንያቱም የሚጣሉ ነገሮች ይዳከማሉ እንጂ አይበረቱም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

የዕፀ መድኃኒት ማሸጊያዎችና የማስታወቂያ ወረቀቶች የሚጠቀሙባቸው ሌሎች ቃላትም ሊመረመሩ ይገባቸዋል። የሁሉም አውራ «ተፈጥሯዊ ስለ ሆነ ምንም ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» የሚለው ነው። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት የባዕድ ሐረጎች ቃል በቃል ተሻግረው ተቀምጠዋል። «ተፈጥሯዊ» በአማርኛችን ቀድሞ የሰውን ጠባይና የተወለደበትን ሁኔታ የሚገልጽ እንጂ የደኅንነት ማረጋገጫ አልነበረም። የጎጃም ገበሬ ከዱር የመጣውን ሁሉ «ተፈጥሯዊ ነውና ይበጃል» ብሎ አያውቅም። ከብቱን ከምረንዝ አርቆ የሚያግድ፣ ልጁ በጉሎ ፍሬ ሲጫወት ካየ እጁን መትቶ የሚያስጥል፣ ቁልቋል ሲቆርጥ ደሙ ዐይኑ ውስጥ እንዳይፈናጠቅ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። ምረንዝ ልብን የሚያቆም መርዝ አለው፤ በልዩ ልዩ የአፍሪቃ አገሮች የዚህ ዛፍ ወገኖች ለፍላጻ መርዝ ሲያገለግሉ ኖረዋል። የጉሎም ፍሬ ራይሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ይዟል። ከእነዚህ የበለጠ «ተፈጥሯዊ» ከየት ይመጣል?

«የጎንዮሽ ጉዳት» የሚለውን አሁን ከአማርኛ ማውጣት አይቻልም፤ ሥር ሰድዷል። ይሁን እንጂ ምን እንደሚያሰማ ማወቅ ያስፈልጋል። ጎንዮሽ የሚሄድ ነገር ከዋናው መንገድ የወጣ፣ ፊት ለፊት የማይመጣ፣ ስለዚህም ቀላል የሆነ ነገር ነው። ለዐይን መጥፋትና ለኩላሊት መድከም «ጎንዮሽ» ማለት ይከብዳል። ሽማግሌዎቻችን ለዚህ ነገር የሚጠቀሙበት ቃል «መዘዝ» ነበር፤ «መድኃኒቱስ ደግ፣ መዘዙ ግን» ይላሉ። መዘዝ ከኋላ የሚመጣ፣ ራስን ብቻ ሳይሆን ቤተ ሰብንም የሚያዳርስ ጣጣ ነው። ለሙያ ቃልነት ትንሽ ይሰፋ እንደ ሆነ አናውቅም ብለን አንሸሽም፤ ይሰፋል። ማሸጊያ ላይ ግን ሰፊ መሆኑ አይጎዳም።

ሦስተኛው «ፍቱን» ነው። ይህ ቃል የግእዝ ነው፤ ከፈተነ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ «የተፈተነ» ነው። በብራና የመድኃኒት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ «ፍቱን» ተብሎ ሲጻፍ፣ ጽሑፉን የያዘው ባለሙያ «ሞክሬዋለሁ፤ ሠርቷል» ብሎ የሚሰጠው ምስክርነት ነበር። ስለዚህም ፍቱን ያልተባለ መድኃኒት ያልተፈተነ መሆኑ ይታወቃል፤ ቃሉ በመኖሩም በመቅረቱም ይናገራል። ዛሬ በየማስታወቂያው «ፍቱን መድኃኒት» ሲባል ግን «በእርግጥ የሚያድን» ማለት ሆኗል። ማን ፈተነው፣ በማን ላይ ተፈተነ፣ በምን መጠን የሚሉት ጥያቄዎች ከቃሉ ውስጥ ተጠርገው ወጥተዋል። በቃላት ታሪክ ውስጥ የፍቺ መለወጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጅም የሚመዘግበው ሕዝብ የሚናገረውን ነው። የሚያሳዝነው ግን ቃሉ ያጣው ሌላ ማንም ያልተሸከመውን ትርጉም መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ደብረ ወርቅ እንመለስ። አክስቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ሰሞን፣ በደብረ ወርቅ ማርያም አካባቢ የሚኖሩ፣ በዜማና በቅኔ የሸመገሉ፣ ስለ ዕፀዋትም ብዙ የሚያውቁ አንድ መምህር ዘንድ ሄጄ የአክስቴን ነገር አጫወትኳቸው። ማሸጊያውንም አሳየኋቸው። አገላብጠው አነበቡትና «ልጄ፣ ማርከሻው የት አለ?» አሉኝ።

«የኔታ፣ ማርከሻ አልተጻፈበትም» አልኋቸው።

«እንግዲያስ ግማሹን ነው የሸጡላችሁ» አሉ።

ይህች አጭር ንግግር ናት ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ። «ማርከሻ» በብራና የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኝ የሙያ ቃል ነው። ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 እ.ኤ.አ. በዋርሶ ያሳተሟቸው የኢትዮጵያ የሕክምና ድርሳናት፣ ከእርሳቸውም በፊት ማርሴል ግሪዮል በ1930 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ያሳተሙት የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ፣ ይህ የአጻጻፍ ሙያ ምን ያህል የራሱ ሥርዐት እንደነበረው ያሳያሉ። በዚህ ሙያ አንድ መድኃኒት ሲጻፍ ሕመሙ ይጠራል፤ ዕፁ ይጠራል፤ የሥሩ ወይም የቅጠሉ አቀማመም ይነገራል፤ በምን ተበጥብጦ እንደሚጠጣ ይነገራል። ከዚያም ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በሰውየው ላይ ቢጠናበት ኀይሉን የሚሰብረው ምግብ ወይም መጠጥ፣ ማለትም ማርከሻው፣ ይጠቀሳል። ዐዋቂው መድኃኒቱን ከመስጠቱ በፊት ማርከሻውን አዘጋጅቶ ማስቀመጥ የሙያው ደንብ ነበር፤ የኔታም «ማርከሻውን የማታውቀውን መድኃኒት ለሰው አትስጥ ተብለን ነው የተማርን» ብለውኛል።

የቃሉ ሥር ረከሰ ነው። ማርከስ ማለት የተቀደሰውን ማጉደፍ፣ የከበረውን ማዋረድ፣ የተወደደውን ዋጋ ማውረድ ነው። ስለዚህ ማርከሻ መድኃኒቱን የሚያዋርድ፣ ኀይሉን የሚነጥቅ ነገር ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ጥንታዊ አስተሳሰብ ይነበባል፤ መድኃኒት ኀይል ያለው፣ የሚፈራ፣ ሊከበር የሚገባው ነገር ነው፤ ያለ ኀይሉም መድኃኒት አይሆንም። «መድኃኒት» የሚለው ቃል ራሱ በግእዝ መዳኛ፣ ድኅነት ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ «የአይጥ መድኃኒት» ስንል ግን ገዳዩን ማለታችን ነው፤ «መድኃኒት አደረገችበት» ሲባልም ጤና ሰጠችው ማለት አይደለም። ግእዙ «ሥራይ»ም እንዲሁ መድኃኒትንና ጥንቆላን አንድ ላይ ይይዛል። ቀድሞ ሐኪም «ዐቃቤ ሥራይ» ይባል ነበር፤ ዐቃቢ ጠባቂ ነው። ሥራይ የሚጠበቅ ነገር ስለ ነበረ ጠባቂ ተሾመለት። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ቋንቋ «ተፈጥሯዊ ስለ ሆነ አይጎዳም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንዴት ሳያቅማማ እንደ ተቀበለ ያስገርማል።

ለናሙና ያህል ኮሶን እንውሰድ። ኮሶ የጎጃም ደጋ ሕዝብ ከሌላው የኢትዮጵያ ደጋ ጋር ሆኖ ለዘመናት ለኮሶ ትል ሲጠጣው የኖረ አበባ ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ኮሶ ጽፏል፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም አበባው ወደ አውሮፓ ፋርማሲዎች ይገባ ነበር። የሴቴው ዛፍ አበባ ተወቅጦ፣ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ሥራ አይሠራም፤ እንግዳም አይቀበልም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ በር አይንኳኳበትም። ይህ ሁሉ እንደ ልማድ ብቻ ሲቆጠር ኖሯል፤ ነገር ግን ሕመምተኛው እንዲያርፍ፣ ሰውነቱን ውኃ ሲያጣ ሳይደክም እንዲውል የሚያደርግ የጥንቃቄ ሥርዐት ነው።

ሰውየው ከጠጣ በኋላ «አሻረው ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። መሻር በአማርኛ ብዙ ፍቺ አለው፤ ሹም ይሻራል፣ ሕግ ይሻራል፣ ቁስል ይሻራል፤ ኮሶም ያሻራል። ካላሻረው ኮሶው በሆዱ ውስጥ ተቀምጧልና ያስፈራል። ደግሞ ደጋግሞ መጠጣት ክፉ ነው። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ እንደሚያስመልስና እንደሚያዝል፣ አልፎም ዐይንን እንደሚያሳውርና እንደሚገድል በሐኪሞች ተመዝግቧል፤ በኮሶ መመረዝ ስለሚመጣው የዐይን ብርሃን መጥፋት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ተጽፏል። እንግዲህ «አሻረው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን የክትትል ጥያቄ ነበር። ይህን ሐረግ በየትኛው የዘመናችን የመድኃኒት መመሪያ ውስጥ እናገኘዋለን?

መጠንን በሚመለከት ግን ድሮውን አናሞግስም። ኮሶ በእፍኝ ይለካ ነበር። የኔታን ስለዚህ ብጠይቃቸው ሳቅ አሉና «እፍኝ በማን እጅ?» አሉ። የገበሬ እፍኝና የሕፃን እፍኝ፣ የደረቀ አበባ እፍኝና የረጠበ አበባ እፍኝ አንድ አይደሉም። በዚያም ላይ የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው፣ የዘንድሮው ከአምናው ኀይሉ ይለያያል። ይህ ድካም ከባህላዊው ወደ ዘመናዊው ማሸጊያ ሳይታረም ተሻግሯል፤ «አንድ ማንኪያ» ይላል፤ የሻይ ማንኪያ ይሁን የወጥ ማንኪያ አይልም፤ የተሞላ ይሁን የተላጨ አይልም። እዚህ ላይ ተርጓሚዎች ቃል መፍጠር አያሻንም። «የተላጨ የሻይ ማንኪያ» የሚለው አማርኛ ለማንም የቤት እመቤት ግልጽ ነው፤ እህል በቁና ስትለካ ኖራለችና መላጨትን ታውቃለች።

ከመጠን ቀጥሎ አደጋ የሚያመጣው ስም ነው። በዚህ ላይ የዓለም ትልቁ ምሳሌ የቤልጂጉ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በብራስልስ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፀዋት ያለበትን መድኃኒት የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው መድከም ጀመረ፤ ነገሩ በ1993 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት ታተመ፤ ውሎ አድሮም የተጎዱት ከመቶ በላይ መሆናቸው ታወቀ። ምክንያቱ ሲመረመር ከአንድ የስም ስሕተት ላይ ተደረሰ። ሊጨመር የታሰበው ስቴፋኒያ ቴትራንድራ የተባለው ሲሆን በቻይንኛ ሀን ፋንግ ጂ ይባላል፤ የተጨመረው ግን ጓንግ ፋንግ ጂ የሚባለው አሪስቶሎኪያ ነበር። ሁለቱ ዕፀዋት ዘመድ አይደሉም፤ የሚዛመዱት በስም ነው። በኋለኛው ውስጥ ያለው አሪስቶሎኪክ አሲድ ኩላሊት ያጠፋል፣ ካንሰርም ያመጣል። በአንዲት ክፍለ ቃል ምክንያት ይህ ሁሉ ሆነ።

በአገራችንም ለዚህ ዓይነት ስሕተት የተመቻቹ ስሞች ሞልተዋል። «እምቧይ» እና «የምድር እምቧይ» በስም ታላቅና ታናሽ ይመስላሉ፤ እውነቱ ግን እምቧይ የቲማቲምና የድንች ወገን ሲሆን የምድር እምቧይ የቅልና የዱባ ወገን ነው። በሥሩ ላይ ያለው ምሬት ለሆድ ቁርጠት ተብሎ የሚታኘክ ሲሆን፣ የዚህ ወገን ምሬት የሚመጣበት ንጥረ ነገር ሲበዛ መርዝ ነው። «የምድር» የምትለዋ ቃል በገበያ ላይ በችኮላ ብትቀር የሚደርሰውን ማሰብ ነው። «ጤና አዳም» ደግሞ ስሙ ራሱ ዋስትና የሚሰጥ ዕፅ ነው። በቡና ስኒ ውስጥ አንድ ቀንበጥ ማጥለቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ጭማቂውን ብዙ አድርጎ መጠጣት ግን ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው፤ ማሕፀን ያኮማትራልና። ይህን ከስሙ ማን ይገምታል?

በተቃራኒው ስሙ ማስጠንቀቂያ የሆነ ዕፅም አለ። «አስተናግር» ከመናገር የወጣ ነው፤ የቀመሰውን ሰው ያስለፈልፋል፣ የሌለ ነገር ያሳያል፣ ዐይኑን ያፈጣል፣ ልቡን ያስደልቃል። የዘመናችን ሳይንስ በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን ይዞ አግኝቶታል። ይህን ስም ያወጣው ያልታወቀ ሰው ዛሬ ማሸጊያ ከሚጽፉት ሁሉ የተሻለ የሙያ ቃል ሰያሚ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ዕፁ «አጤ ፋሪስ» የሚል ሌላ ስምም አለው፤ ይህ ግን ለማያውቀው ምንም አይነግረውም። ሁለት ስም ካለው ዕፅ ተርጓሚው የትኛውን ይመርጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ግልጽ ነው።

ከውጭ ቋንቋ የሚተረጉሙ ባልደረቦቻችን ደግሞ የሚጠነቀቁበት ሌላ ወጥመድ አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ ለመንፈስ ጭንቀት የሚሸጠው ሃይፐሪከም ፐርፎራቱም የወሊድ መከላከያ እንክብልን፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን እንደሚያዳክም የታወቀ ነው። ስሙን ወደ አማርኛ ለመመለስ የፈለገ ሰው የዚሁ ወገን የሆነውን፣ በጮቄ ተራራ ደጋ ከጅብራ በታች የሚበቅለውን አሜጃን ሊጠራ ይችላል። ሁለቱ አንድ ወገን እንጂ አንድ ዕፅ አይደሉም። በዚህ ጊዜ የላቲኑን ስም በፊደላችን ጽፎ መተው ከመልካም አማርኛ ይሻላል።

እንግዲህ መዝገበ ቃላቶቻችን ምን ያድርጉ? በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም ሆነ በ1993 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ መዝገበ ቃላት የብዙ ሰዎች የብዙ ዓመት ድካም ናቸው፤ ያለ እነርሱ ይህን ሒስ የምንጽፍበት አማርኛም አይኖረንም ነበር። ነገር ግን የሙያ ቃላት ሥራችን ከእንግሊዝኛ ስም ወደ አማርኛ ስም የሚሄድ ስለ ነበረ፣ ያፈራቸው ቃላት ባለሙያ ከባለሙያ የሚነጋገርባቸው ናቸው። ማሸጊያ ጸሐፊው እነዚያኑ አንሥቶ ለአክስቴ ሰጣቸው። በዕፀዋት ቃላት ላይ ደግሞ የቆየው ልማዳችን የተክሉን ዓይነትና ጥቅሙን ጽፎ ማለፍ ነው። አማረ ጌታሁን በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ዕፀዋት ያዘጋጁት ጥናት በርእሱ ላይ መድኃኒታዊና መርዛማ የሚሉትን ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ከዚህ ርእስ ብቻ ብዙ ሊማር ይችላል።

ለምሳሌ እንዶድን «ልብስ የሚታጠብበት ተክል» ብሎ መፍታት እውነት ነው። ጎጃም ውስጥ በዚህ ተክል የተሰየመ ስፍራ እንኳ አለ፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድል መሆኑን ደረሱበት፤ በ1989 እ.ኤ.አ.ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ስለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ሁሉ በፍቺው ውስጥ ቢገባ ደግ ነው። ሆኖም ፅንስ ለማስወረድ ብለው የሚጠጡት ሴቶች እንዳሉና እንደሚሞቱበት እየታወቀ፣ ፍቺው «ሲጠጣ መርዝ ነው» የሚሉ ሦስት ቃላት ከሌሉት ጎደሎ ነው። ሦስት ቃላት ቦታ አያጣብቡም።

ኋላ እንመለስበታለን ያልነው «መስተጋብር» ቀርቶናል። ሐሳባችን ይህ ነው። በማሸጊያና በጤና ትምህርት ጽሑፍ ላይ አንዱ ቃል ለሁለት ይከፈል፤ አደጋው ሁለት አቅጣጫ አለውና። አንዱ መድኃኒት የሌላውን ኀይል ሲቀንስ «ያረክሳል» ይባል፤ ሃይፐሪከም የወሊድ መከላከያን ያረክሳል። በሌላው ላይ ተጨምሮ ኀይሉን ከልክ ሲያሳልፍ ደግሞ «ይደረባል» ይባል፤ ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲወሰድ በዋርፋሪን ላይ ይደረባል፣ ደም ያፈስሳል፤ አብሽ በስኳር መድኃኒት ላይ ይደረባል። መደረብን ብርድ የሚያውቅ የደጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ሲደረብ የሚሆነውን ለማስረዳት ትምህርት ቤት አያስፈልግም።

የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቃለን። ማርከስ የሃይማኖት ቃል ነው፣ ንጹሕ መድኃኒት ረከሰ ሲባል ለጆሮ ይከብዳል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ይኸው ቃል በእባብ መርዝ ማርከሻ ላይ ዛሬም በሐኪሞችና በጋዜጠኞች አፍ አለ፤ ማንም አልተቀየመበትም። ከዚህ የሚበረታው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ማርከሻ መልካም ነገር፣ መድኅን ሆኖ ሲሰማ የኖረ ስለ ሆነ፣ የወሊድ መከላከያን ማርከስ ጉዳት መሆኑን አንባቢ ላይረዳው ይችላል የሚለው ነው። ይህ እውነት አለው። ስለዚህ ግሡን ብቻውን መተው አይገባም፤ የሚከተለው ነገር አብሮ ይጻፍ። «ይህን ዱቄት የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢወስደው፣ በመድኃኒቱ ላይ ተደርቦ ስኳሩን ከልክ በታች ያወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ከመጣ ወዲያውኑ ስኳር ወይም ማር ይስጡት፤ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት»። ይህ ዐረፍተ ነገር ረጅም ነው፤ አንድም አዲስ ቃል የለበትም፤ ማርከሻውንም ይዟል።

ይህንኑ ጽፌ ለአክስቴ የልጅ ልጅ ሰጠኋት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። አክስቴ ሰምተው ሲያበቁ ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ ይህን መጀመሪያውኑ ለምን እንዲህ አላሉትም?» ብለው ጠየቁኝ።